የግል ኪሳራ ማመልከቻ ሰነዶች (አሜሪካ)

ዕዳው ከአቅሙ በላይ የሆነበት ግለሰብ በፌዴራሉ የኪሳራ ሕግ ምዕራፍ 7 ወይም 13 ለፍርድ ቤት ከማመልከቱ በፊት የሚያሰባስባቸው የገንዘብ ማስረጃዎች። ዋነኞቹ የመጨረሻዎቹ 60 ቀናት የደመወዝ ወረቀቶች፣ የስድስት ወር የገቢ ማስረጃ፣ የቅርቡ የታክስ ሪተርን፣ የባንክ ስቴትመንትና የአበዳሪዎች ዝርዝር ናቸው።

ለሐበሻ አመልካቾች ትልቁን ጥንቃቄ የሚሻው ከአሜሪካ ውጭ ያለው ሀብት ነው። አዲስ አበባ ያለ ቤትም ሆነ የውርስ ድርሻ ይመዘገባል። ባለፉት 2 ዓመታት ለአንድ ሰው በስጦታ የተሰጠ፣ ድምሩ ከ600 ዶላር የበለጠ ገንዘብ፣ ለእናት የተላከ እንኳ ቢሆን፣ መገለጽ አለበት፤ ስለዚህ የሐዋላ ደረሰኞችን መጣል አይገባም። ከዘመድ በቃል የተወሰደ ብድርና ዕጣው ከወጣ በኋላ የሚቀር የዕቁብ ክፍያም ወረቀት የላቸውም ተብለው አይታለፉም። ሀብትን አውቆ ለማጭበርበር መደበቅ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል።