የመጽሔት ሽፋንና ማውጫ፤ ከመጋዘን እስከ መስተዋት

«መጽሔት» የሚለው ቃል ከግዕዝ የተወረሰ ሲሆን፥ ጥንተ ትርጉሙ መስተዋት ማለት ነው። እንግሊዞች ለዚሁ ኅትመት የሚጠቀሙበት «ማጋዚን» ግን የዕቃ ማከማቻ ማለት ነው፤ መነሻውም እንደ አማርኛው «መጋዘን» ሁሉ ዓረብኛ ነው። የሽፋንና የማውጫ ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ ትርጉሞች መካከል የተደረገ ጉዞ ነው።

ኤድዋርድ ኬቭ እ.ኤ.አ. በ1731 በለንደን «ጀንትልማንስ ማጋዚን» የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት ሲመሠርት፥ ቃሉን ለዚህ ዓይነቱ ኅትመት መጠሪያ አደረገው። በፊተኛው ገጽ ላይ መጽሔቱ ይታተምበት የነበረው የቅዱስ ዮሐንስ በር ሥዕል፥ ከሥሩም የጽሑፎቹ ዝርዝር ይታይ ነበር። የመጋዘኑ በርና የዕቃው ዝርዝር በአንድ ገጽ ተገናኙ ማለት ነው።

ልማዱ ረጅም ዕድሜ ነበረው። በ1922 የተመሠረተው «ሪደርስ ዳይጀስት» ለብዙ ዐሠርት ዓመታት፥ እስከ 1998 ድረስ፥ ማውጫውን በፊት ሽፋኑ ላይ አትሟል። «ናሽናል ጂኦግራፊክ»ም በቢጫ ክፈፉ ውስጥ ርእሶችን ይዘረዝር ነበር፤ ፎቶግራፍ በሽፋኑ ላይ የተዘወተረው ከ1959 ወዲህ ነው።

ለውጡን ያፋጠነው የሽያጩ ስልት ነው። መጽሔቱ በፖስታ የሚደርሰውን ደንበኛ ዝርዝሩ ያረካዋል፤ በመሸጫው ፊት የሚያልፈው መንገደኛ ግን ቆሞ አያነብምና በዓይኑ መማረክ ነበረበት። «ላይፍ» ኖቬምበር 23 ቀን 1936 ሲወጣ፥ ማርጋሬት በርክ ኋይት ያነሣችው የፎርት ፔክ ግድብ ፎቶግራፍ ሽፋኑን ሞላው፤ ስሙ በግራ ራስጌ፥ በቀይ መደብ ላይ በነጭ ፊደል ተጻፈ፤ ቀኑና ዋጋው በግርጌ ሰፈሩ። መጽሔቶች በመደርደሪያ ላይ ሲነባበሩ የሚታየው የላይኛው ክፍላቸው በመሆኑ፥ ስምን በራስጌ ማዋል የተለመደ ደንብ ሆነ። ማውጫውም ወደ ውስጥ ገባ።

ይሁን እንጂ የሽፋን ዕድሜ አጭር ነው። ቤተ መጻሕፍት የዓመቱን ዕትሞች በአንድነት ሲያስጠርዙ ሽፋኖችንና ማስታወቂያዎችን ብዙ ጊዜ ያስወግዱ ነበር። በሽፋን ላይ ብቻ የታተመ ነገር ሁሉ አብሮ ጠፋ። የሙያ መጽሔቶች ቅጽን፥ ቁጥርንና ዓመትን በማውጫው ገጽ ላይ መድገማቸው ጥቅሙ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። የደራሲውን ስም፥ ርእሱንና የገጹን ቁጥር ሳያዛንፍ የያዘ ማውጫ ገዢ አይጠራ ይሆናል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ጽሑፍ ፍለጋ ለሚመጣው የሙያ ባልደረባ ግን የመጋዘኑ ቁልፍ እርሱ ነው።