ከ«አይነሱ» ወደ «ይንቀሳቀሱ»፦ የማዞር ሕክምና ታሪክ



ጠዋት ነቅታችሁ አልጋ ላይ ስትገላበጡ ጣሪያው መዞር ይጀምራል። አልጋውን ጨብጣችሁ ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ። ያቅለሸልሻችኋል፤ አንዳንዴም ያስመልሳችኋል። ቤተሰብ ይደነግጣል። አንዱ «ግፊት ነው» ይላል፣ ሌላው «ደም ማነስ ነው» ይላል። በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ምክር ይስማማል፦ «እማማ፣ በቃ ይተኙ፤ እንዳይነሱ!»

ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ብዙው የማዞር ዓይነት የሚሻለው ለሳምንታት በመተኛት ሳይሆን በትክክለኛ እንቅስቃሴ ነው። ሕክምና ይህን ለመረዳት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ዛሬ ታሪኩን ላጫውታችሁ። ሐኪማችሁ «ተንቀሳቀሱ» ሲላችሁ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

🔹 ችግሩ ከአንጎል ብቻ አይደለም

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ድንገት ማዞር የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ «አንጎሉ ውስጥ ደም በዝቷል» ይባል ነበር። ሕክምናውም ደም ማፍሰስ ነበር፤ እኛ ዘንድ ዋግምት ከሚባለው ጋር ይቀራረባል።

ፓሪስ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ተቋም ሐኪም የነበረው ፕሮስፐር ሜኒዬር ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ማዞር ከሚይዛቸው ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ጆሯቸው ውስጥ ይጮህባቸዋል፤ መስማትም ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1861 የማዞር ምንጭ የውስጥ ጆሮ ሊሆን እንደሚችል ለፓሪስ የሕክምና አካዳሚ አቀረበ። በማግስቱ ዓመት አረፈ። ዛሬ አንድ የጆሮ ሕመም በስሙ ይጠራል።

🔹 ቀዝቃዛ ውኃና የኖቤል ሽልማት

ሁለተኛው ታሪካችን ቪየና ነው። ሮበርት ባራኒ የሚባል ወጣት ሐኪም የታማሚዎችን ጆሮ በውኃ ሲያጥብ «አዞረኝ» ይሉት ነበር። ውኃው ቀዝቃዛ ሲሆን ዓይናቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ይርገበገባል፤ በጣም ሲሞቅ ደግሞ ወደ ተቃራኒው። የውስጥ ጆሮ፣ ዓይንና ሚዛን የተሳሰሩ መሆናቸውን ከዚህ ተረዳ። ለዚህ ሥራው የ1914 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዜናው የደረሰው ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ ሩሲያ ውስጥ እስረኛ ሳለ ነበር።

በእያንዳንዱ ጆሯችን ውስጥ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቀጫጭን የታጠፉ ቱቦዎች አሉ። ጭንቅላታችን ወዴት እንደዞረ ለአንጎል ይነግራሉ። የግራና የቀኝ ጆሮን እንደ ገበያ ሚዛን ሁለት ሳህኖች አስቧቸው። አንዱ ጆሮ በቫይረስ ወይም በጭንቅላት ጉዳት ሲደክም ሚዛኑ ያጋድላል። ሰውየው ተቀምጦ ሳለ አንጎሉ «እየዞርክ ነው» ይለዋል።

🔹 ከአልጋ ያስነሡት ሁለት ሐኪሞች

የዛሬው የማዞር ፊዚዮቴራፒ መሠረት የተጣለው በ1940ዎቹ ለንደን ውስጥ ነው። የጆሮ ቀዶ ሐኪሙ ቴረንስ ኮውቶርንና የአካል ሕክምና ባለሙያው ኩክሲ የውስጥ ጆሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውንና ጭንቅላታቸውን የተጎዱ ሰዎችን ይከታተሉ ነበር። ቶሎ የተሻላቸው ዝም ብለው የተኙት አልነበሩም። ማዞሩን ታግሠው ጭንቅላታቸውን ያንቀሳቀሱት ነበሩ።

ስለዚህ ደረጃ በደረጃ የሚከብዱ እንቅስቃሴዎችን አዘጋጁ። መጀመሪያ አልጋ ላይ ዓይንን ብቻ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ማንቀሳቀስ። ከዚያ ጭንቅላትን፣ በመጀመሪያ በቀስታ፣ በኋላ በፍጥነት። ቀጥሎ ተቀምጦ ጎንበስ ብሎ ዕቃ ማንሳት፣ መነሳትና መቀመጥ፣ ኳስ መቀባበል፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ። ታማሚዎቹ ይህን የሚሠሩት በቡድን ሆነው እየተበረታቱ ነበር። እንቅስቃሴዎቹ ዛሬም በሁለቱ ሐኪሞች ስም ይጠራሉ።

ለምን ይሠራል? አንጎል ያጋደለውን ሚዛን ማስተካከል ይችላል፤ ነገር ግን ስህተቱን ካላየው አያርመውም። ስህተቱን የሚያየው ደግሞ ስንንቀሳቀስ ነው። የተኛ ሰው አንጎል የሚማርበት ትምህርት የለውም።

🔹 ከቦታቸው የወጡ ጠጠሮች

በጣም የተለመደው የማዞር ዓይነት ግን ሌላ መነሻ አለው። ስትገላበጡ፣ ቀና ስትሉ ወይም ስታጎነብሱ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ቆይቶ ያልፋል። ባራኒ በ1921 ጽፎበታል። በ1952 ደግሞ ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሆልፓይክ የተባሉ የለንደን ሐኪሞች በሽታው በአልጋ ላይ የሚታወቅበትን ምርመራ በዝርዝር አሳዩ። ዛሬ ሐኪም ጭንቅላታችሁን ወደ ጎን አዙሮ በፍጥነት ሲያስተኛችሁና ዓይናችሁን ሲመለከት ይህንኑ ምርመራ እያደረገ ነው።

በውስጥ ጆሯችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ የካልሲየም ጠጠሮች አሉ። አንዳንዴ፣ በተለይ በዕድሜ ወይም ከጭንቅላት ምት በኋላ፣ ከቦታቸው ይወጡና ወደ ታጠፉት ቱቦዎች ይገባሉ። የሰከነ ቡና ያለበትን ጀበና አስቡ፤ ሲነቀንቁት አተላው ይነሳል፣ ሲያስቀምጡት ተመልሶ ይሰክናል። ማዞሩም ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ የሚመጣውና ቶሎ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

ታዲያ ጠጠሩን ለምን አናወጣውም? ይህን የጠየቀው በአሜሪካ የፖርትላንድ ከተማ ሐኪም ጆን ኤፕሊ ነው። ጭንቅላትን በቅደም ተከተል በማዞር ጠጠሩ በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ከቱቦው እንዲወጣ አደረገ። መድኃኒት የለው፣ ቢላ የለው፤ የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው። በ1980 ለሙያ ባልደረቦቹ ሲያሳይ ብዙዎቹ አላመኑትም። የሕክምና መጽሔቶችም ጽሑፉን መለሱበት። ሥራው በሰፊው የታወቀው በ1992 ከታተመ በኋላ ነው። ዛሬ የዓለም ሐኪሞች ለዚህ ሕመም በቅድሚያ ከሚመርጧቸው ሕክምናዎች አንዱ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ታማሚዎች በአንድ ወይም በጥቂት ጊዜ ይሻላቸዋል።

🔹 ይህ ታሪክ ለእናንተ ምን ይጠቅማል?

✅ ማዞር ሁሉ ግፊት አይደለም። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ያዞረኛል» ብቻ አትበሉ። መቼ ይመጣል? ስንት ጊዜ ይቆያል? ቤቱ ይዞራል ወይስ ራስ ይቀላል? ጆሮ ይጮሃል? ከመልሳችሁ ግማሹ ምርመራ ይገኛል።

✅ እንደ ሲናሪዚን፣ ሜክሊዚንና ፕሮሜታዚን ያሉ የማዞር ማስታገሻዎች ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይረዳሉ። ለወራት ሲወሰዱ ግን አንጎል ሚዛኑን መልሶ እንዳይማር ያዘገያሉ፤ አዛውንቶችን ያደነዝዛሉ፣ ለመውደቅም ያጋልጣሉ። ለወራት እየወሰዳችሁ ከሆነ ሐኪማችሁን አማክሩ።

✅ ምርመራ ሳይደረግላችሁ ከቪዲዮ አይታችሁ አንገት አታዙሩ። ጠጠሩ ያለበትን ጆሮና ቱቦ ማወቅ ያስፈልጋል። የአንገት ወይም የአከርካሪ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

✅ ባለሙያ እንቅስቃሴ ካዘዘላችሁ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ማዞሩ የሚጠበቅ ነው፤ «ባሰብኝ» ብላችሁ አታቁሙ። ግድግዳ ወይም ወንበር አጠገብ፣ ሰው ባለበት ሥሩ። ማዞሩ በጣም ከበረታ ወይም ቶሎ አልበርድ ካለ ደግሞ ባለሙያውን ጠይቁና ቀለል አድርጉት።

✅ ወላጆች፦ ልጃችሁ በተለይ ከማጅራት ገትር በኋላ መራመድ ከከበደው፣ ደጋግሞ ከወደቀ ወይም ስትጠሩት ካልሰማ «ሰነፈ» አትበሉት፤ አስመርምሩት።

🚨 ከማዞሩ ጋር የፊት መጣመም፣ የንግግር መተሳሰር፣ የእጅ ወይም የእግር መስነፍ፣ ነገርን ሁለት አድርጎ ማየት፣ ድንገተኛ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ድንገት መስማት ማቆም ወይም ጨርሶ መቆም አለመቻል ካለ ነገሩ የስትሮክ ወይም የሌላ ከባድ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

እናትና አባቶቻችን ማዞርን ሲፈሩ መውጣት ይተዋሉ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ፣ ጎረቤት ቡና መጠጣት ይቀራል። ሲቀመጡ እግራቸው ይደክማል፤ እግር ሲደክም መውደቅ ይከተላል። ስለዚህ ከተመረመሩና እንቅስቃሴ ከተፈቀደላቸው በኋላ «ይተኙ» ማለቱን ትተን እጃቸውን ይዘን «እንነሳ፣ ቀስ ብለን እንራመድ» እንበላቸው።

ማዞር ያስቸገረው ሰው በቤታችሁ ካለ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት። ጤና ይስጥልን!