የቦታ መረጣና መጓጓዣ በአረንጓዴ ግንባታ

ሕንፃው የት ይቁም፣ ተገልጋዩስ በምን ይድረስ የሚሉት ጥያቄዎች አንድ ላይ የሚታዩበት የዕቅድ ምዕራፍ። ሊድ የተባለው የአሜሪካ የምዘና ሥርዓት ለም የእርሻ መሬትንና ጎርፍ የሚተኛበትን ሜዳ ለሚሸሽ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታ በ400 ወይም ከባቡር ጣቢያ በ800 ሜትር የእግር መንገድ ውስጥ ለሚሠራ ሕንፃ ነጥብ ይሰጣል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በዚህ መለኪያ የሚታይ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም ግን ነገሩ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። በቢቸና ዙሪያ ያለው የእነማይ ወረዳ መሬት ጤፍ አብቃይ ዋልካ ነው፤ ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ወለልና ግድግዳም አብሮ ይሰነጠቃል። ማሳ ላይ መገንባት እንግዲህ ድርብ ኪሳራ ነው፤ ጤፉም ይቀራል፣ ዋልካውም ተቆፍሮ ወጥቶ በሰሌክት (በተመረጠ የሙሌት አፈር) መተካት አለበት። መሬት ረከሰ ተብሎ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ከከተማ ሲወጣ ደግሞ የተቆጠበው ብር በባጃጅ ሒሳብ ከነዋሪው ኪስ ይወጣል፤ የግንባታ ዋጋ ዝርዝር ይህን ሲያካትት ማየት ብርቅ ነው። ቦታ ሲመረጥ እንግዲህ መንገዱም አብሮ ይታያል፤ ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ለቢቸናና ለሞጣ ዋናው የመጓጓዣ መስመር ነው።