መዳብን ያደከመው ምን ነበር?

መዳብ በሐረር የጀጎል ግንብ ውስጥ የቆየ ባለውለታ ነው። የከተማዪቱ አሚሮች ያስቀርጹት የነበረውን፣ በ1855 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሐረር የገቡት እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ትንሽ የናስ ገንዘብ መሆኑን የጻፉለትን መሐለቅ ማስታወስ ይበቃል። ናስ የመዳብና የዚንክ ድብልቅ ነው። ገንዘብ ቀራጩን የጠቀመው ይህ ጋብቻ በኤሌክትሮኬሚስቶች ዘንድ ግን ለብዙ ዓመታት ያከራከረ ጣጣ አስከትሏል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድን በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ሌላ ውሑድ መለወጥ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ፎርሚክ አሲድ በዚህ መንገድ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ተገኝቷል። የመዳብ ልዩ ጠባይ በግልጽ የታወቀው ግን በ1985 ነው። በጃፓን የቺባ ዩኒቨርሲቲው ዮሺዮ ሆሪና ባልደረቦቻቸው ልዩ ልዩ ብረታ ብረቶችን ባይካርቦኔት በተሟሟበት ውሃ ውስጥ ሲመረምሩ፣ እርሳስና ቆርቆሮ ፎርሜትን፣ ወርቅና ብር ካርቦን ሞኖክሳይድን ሰጡ፤ መዳብ ግን ሜቴንን አስገኘ። በተከታዩ ዓመት ኢትሊንም ታከለበት። በ1987 ከካርቦን ሞኖክሳይድ ተነሥተው በመዳብ ላይ እነዚያኑ ሃይድሮካርቦኖች ማግኘታቸው፣ ሞኖክሳይዱ የመንገዱ አጋማሽ መሆኑን አመለከተ። ወርቅ ይህን ሞለኪውል ቶሎ ይለቀዋል፤ ፕላቲነም አጥብቆ ይዞ ይታነቅበታል፤ መዳብ ግን ለቀጣዩ ለውጥ በሚበቃ መጠን ይይዘዋል።

ሆኖም ሙከራውን የደገሙ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች መዳቡ ሥራ በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ደክሞ ሃይድሮጂንን ብቻ ወደ መስጠት ሲያዘነብል ተመለከቱ። አንዳንዶች በለውጡ የሚፈጠር ካርቦን ገጹን ሸፍኖት ነው አሉ። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ እንዲህ ፈጥኖ የሚሞት ካታሊስት ለኢንዱስትሪ ምን ይረባል? በ2005 የሆሪ ቡድን ያወጣው ጥናት ጥፋቱ የመዳቡ አለመሆኑን አስረዳ። ከገበያ ከተገዛው ኬሚካል ጋር ሳይታወቅ የገባ እጅግ ጥቂት ዚንክና አይረን ኤሌክትሮዱን ለብጦት ኖሯል። መድኃኒቱም ከሙከራው አስቀድሞ በሌላ ኤሌክትሮድ ኮረንቲ እያሳለፉ ኤሌክትሮላይቱን ከነዚህ ማጽዳት ነበር። ይህን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ እንደ ተራ ጥንቃቄ ቆጥሮ ማለፍ አይገባም፤ ዋጋው ከግኝቱ አያንስምና።

ከዚያ ወዲህ እርምጃው ፈጥኗል። በ2012 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዳብ 16 ዓይነት ውጤቶች እንደሚሰጥ ተቆጠረ። በ2018 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፈሰሰው ኮረንቲ 70 ከመቶ ያህሉን ለኢትሊን አዋሉ፤ ኤሌክትሮዳቸውም 150 ሰዓት ሠራ። ፋብሪካ የሚጠይቀው ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰዓት ነው።