«መስት ኖት» እና «ዱ ኖት ሃቭ ቱ»፦ ክልከላ ከግዴታ አለመኖር ሲለይ

«መስት» እና «ሃቭ ቱ» በእንግሊዝኛ ከግስ በፊት እየገቡ ግዴታን የሚያመለክቱ ቃላት ናቸው። በአዎንታዊ ዓረፍተ ነገር ሁለቱም ወደ አማርኛ ሲመለሱ ብዙ ጊዜ «አለበት» ይሆናሉ። «ዩ መስት ዌር ግለቭስ» ቢባልም፣ «ዩ ሃቭ ቱ ዌር ግለቭስ» ቢባልም መልእክቱ «ጓንት ማድረግ አለብዎት» ነው።

ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው በአሉታ ነው። «መስት ኖት» ፍጹም ክልከላ ነው። «ዱ ኖት ሃቭ ቱ» ግን ግዴታ አለመኖሩን ብቻ ይገልጻል፤ ማድረግም መተውም ለባለጉዳዩ የተተወ ነው። በአማርኛ «የለብዎትም» የሚለው ቃል ሁለቱንም ትርጉም ሊሸከም ስለሚችል፣ ስሕተት የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

የፀረ ተባይ ኬሚካል መመሪያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። «ዩ መስት ኖት ሚክስ ኢት» የሚለው ትእዛዝ «መቀላቀል የለብዎትም» ተብሎ ቢነገር፣ አርሶ አደሩ «መቀላቀል አያስፈልግም፤ ብቀላቅለው ግን አይጎዳም» ብሎ ሊረዳው ይችላል። የማይስማሙ ኬሚካሎች ሲቀላቀሉ ደግሞ ረግተው የመርጫውን አፍ ሊደፍኑ፣ የሰብሉን ቅጠል ሊያቃጥሉ ወይም ተባዩን ሳይገድሉ ሊቀሩ ይችላሉ። ትክክለኛው ትርጉም «መቀላቀል ክልክል ነው» የሚለው ነው። በአንጻሩ «ዩ ዱ ኖት ሃቭ ቱ ሚክስ ኢት» ማለት «መቀላቀል ግዴታ አይደለም» ማለት ነው።

በመያዣዎች ላይ ክልከላ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ዱ ኖት ሚክስ» ተብሎ በአጭሩ ነው። «ዱ ኖት» ግሱን በቀጥታ ሲያስከትል «አትቀላቅል» የሚል ትእዛዝ ይሆናል፤ በመካከል «ሃቭ ቱ» ሲገባ ግን ክልከላነቱ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ብቻ አይቶ መወሰን አይገባም።

«መስት» ባለቤቱ ማንም ቢሆን መልኩን አይለውጥም። «ሃቭ ቱ» ግን ለነጠላ ሦስተኛ መደብ «ሃዝ ቱ»፣ በአሉታም «ዳዝ ኖት ሃቭ ቱ» ይሆናል። ላለፈ ጊዜ ግዴታ ሁለቱም በ«ሃድ ቱ» ይተካሉ። «ዲድ ኖት ሃቭ ቱ» ደግሞ «ግዴታ አልነበረም» ማለት ነው። «መስት ኖት» በንግግር «መስንት» ተብሎ ስለሚያጥር፣ የመጀመሪያው «ት» አይሰማም።

መመሪያ የሚያነብም ሆነ ለሌላው የሚተረጉም ሰው «የለብዎትም» በሚለው ፈንታ «ክልክል ነው» ወይም «ግዴታ አይደለም» ብሎ ቢለይ አሻሚነቱ ይወገዳል። ጥርጣሬ ካለም ኬሚካሉ ከመበጥበጡ በፊት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ይበጃል።