ቆጠራ

«ቆጠራ» ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታሰበው የገንዘብ ወይም የሕዝብ ቆጠራ ነው፤ በቅኔ ቤት ግን ተማሪው ከባልንጀሮቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ጥላ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሥር ተቀምጦ፣ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ እንደ ማዕርጉ የራሱን ቅኔ በኅሊናው የሚያበጅበት ሥራ ቆጠራ ይባላል።

በዚያች ሰዓት ደራሲውም ፈታኙም ተማሪው ራሱ ነው፤ ቤቱ መምታቱን፣ ዜማው ልኩን መጠበቁን፣ አገባቡ አለመፋለሱን፣ ይልቁንም (ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነውና) ሰሙ ከወርቁ ጋር መስማማቱን እየመረመረ፣ ያልሠመረለትን አፍርሶ እንደ ገና ይሠራል። ቅኔውን ለመምህሩ የሚያሰማበት «ነገራ» የሚመጣው ከዚህ በኋላ ስለሆነ፣ እርማቱ የሚያርፈው አስቀድሞ ራሱን በጠየቀ ልቡና ላይ ነው፤ የመምህሩን ቃል ፍሬያማ የሚያደርገውም፣ በእኔ አስተያየት፣ ይኸው ቅድመ ምርመራ ነው።

ስለዚህ የዘመናዊ ትምህርት ቤት መምህራን ሆይ፣ ደብተሩን ለእርማት ከመቀበላችሁ አስቀድሞ፣ ተማሪው የጻፈውን በገዛ ዓይኑ መርምሮ ጉድለቱን የሚፈልግበት ጊዜ እንድትሰጡት አደራ እላለሁ።