የሱዳን የርስ በርስ ጦርነት እና ጋምቤላ

ጋምቤላ የባሮ ዳር ከተማ ናት። ባሮ ከደጋው ወርዶ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ከተማዋን የፈጠራት ይህ የውኃ መንገድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል መሠረት የተከፈተው የእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. ነው። ኑዌሮችና አኙዋኮች ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ስለሚኖሩ፣ በደቡብ ሱዳን የሚነሳ ጦርነት ለጋምቤላ የባዕድ አገር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

የመጀመሪያው የደቡብ ሱዳን ጦርነት ያበቃው የካቲት 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት ነው። በዚያ ድርድር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት አስተናጋጅና አግባቢ ነበር። ስምምነቱ የፈረሰው ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ የደቡቡን ራስ ገዝ አስተዳደር ሲከፋፍሉና የሸሪዓ ሕግ ሲያውጁ ነው። ግንቦት 1975 ዓ.ም. ቦር ላይ ያመፁ ወታደሮች ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። በጆን ጋራንግ የሚመራው የሱዳን ሕዝብ ነፃነት ጦርም በዚሁ ዓመት ተመሠረተ።

የደርግ መንግሥት ለዚህ ጦር መሣሪያ፣ ሥልጠና፣ የሬዲዮ ማሰራጫና በጋምቤላ ምድር የጦር ሰፈር ሰጠው። ዓላማው ብድር መመለስ ነበር፤ ካርቱም በሰሜን ይወጉት ለነበሩት ለሻዕቢያና ለሕወሓት መተላለፊያና መጠጊያ ትሰጥ ነበርና። የሰሜኑ ጦርነት ያደከመው መንግሥት በዚህ መንገድ ሌላ የጦርነት ሸክም ጨመረ።

ሸክሙ የወደቀው ጋምቤላ ላይ ነው። በኢታንግ፣ በፑኝዶና በዲማ የስደተኛ ሰፈሮች ተቋቋሙ፤ የኢታንጉ ብቻ በመዝገብ ከ250 ሺህ በላይ ስደተኞችን ይዞ ነበር። ከሰፈሮቹ ወታደር ይመለመል፣ ከእርዳታ እህሉም ለጦሩ ስንቅ ይወሰድ ነበር። ታጣቂዎቹ በመንግሥት ስለሚደገፉ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ቅሬታው በተለይ በአኙዋኮች ዘንድ በረታ፤ የጋምቤላ ሕዝብ ነፃነት ንቅናቄም በሱዳን በኩል እየተደገፈ መንግሥትን ወጋ። የጎረቤትን አማፂ ማስታጠቅ በራስ ምድር ሌላ አማፂ አፈራ።

ጦርነቱ መሪዎቹንም አልማረም። ኒሜሪ መጋቢት 1977 ዓ.ም. በዳቦ ዋጋ ንረት የተቀሰቀሰ ሕዝባዊ አመፅ ሲበረታ በጦሩ ከሥልጣን ወረዱ፤ የደቡቡ ጦርነት ወጪም ኢኮኖሚውን ካደቀቁት ምክንያቶች አንዱ ነበር። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ የጋራንግ ጦር ዋና ደጀኑን አጣ። ሬዲዮው ዝም አለ፤ በኢታንግ የነበሩት ስደተኞች ወደ ሱዳን ጎረፉ። ከሦስት ወር በኋላ፣ በነሐሴ፣ የጦሩ አዛዦች ሪክ ማቻርና ላም አኮል በናስር ከተማ ከጋራንግ መለየታቸውን አወጁ። ጋምቤላም በጋምቤላ ሕዝብ ነፃነት ንቅናቄ እጅ ገባች።

ደርግን የተካው ኢሕአዴግ መጀመሪያ ከካርቱም ጋር ተወዳጀ። ሰኔ 1987 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ላይ ከተቃጣው የግድያ ሙከራ በኋላ ግን ፊቱን አዙሮ ጋራንግን ደገፈ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ነፃዋ ደቡብ ሱዳን በራሷ ጦርነት ስትገባ ደግሞ ኢትዮጵያ ለአንዱ ወገን ከመቆም ይልቅ በቀጣናው ድርጅት በኢጋድ በኩል ማደራደርን መረጠች። ይህም ቢሆን ድንበሩን አልዘጋውም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 307 ሺህ ገደማ ነዋሪ የነበረው ክልል፣ ከጊዜ በኋላ ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞችን አስጠለለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች በጋምቤላ የኑዌር መንደሮች ላይ ጥቃት አድርሰው ከ200 በላይ ሰዎች ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትም ወሰዱ።

በእነዚህ ዓመታት ወዳጅና ጠላትን የመረጡት በአዲስ አበባና በካርቱም የነበሩ መንግሥታት ናቸው። የምርጫቸውን ዋጋ በቅድሚያና ለረጅም ጊዜ የከፈለው ግን ያልተጠየቀው የጋምቤላ ሕዝብ ነው።